አስታማሚ የሚያርፍበት መደብ ለማስጸደቅ ያየሁት ፍዳ

የሆስፒታል ክፍል ልትሠሩ ወይም ልታድሱ ከሆነ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አንድ ክረምት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ባላለፈ።

ሥራው ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ዋርድ ማደስ ነበር። ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ 8 አልጋ፣ በድምሩ 24። ገንዘቡን ያዋጡት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። ጣሪያው፣ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደማንኛውም እድሳት ሄደ። እሱን አልዘረዝርም።

መጀመሪያ ያደረግኩት የነርሶቹን አለቃ፣ ሜትሮኗን፣ አስፈቅጄ ዋርዱ ውስጥ ማደር ነው። ማንም አያዛችሁም፤ ግን እናንተም እደሩ። ቀን ላይ አስታማሚው መድኃኒት ሊገዛ፣ ናሙና ላቦራቶሪ ሊያደርስ፣ ምሳ ሊያመጣ ወጣ ገባ ስለሚል ክፍሉ ሰፊ ይመስላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሁሉም ይመለስና በአልጋዎቹ መሀል ካርቶን ያነጥፋል። ነርሷ ግሉኮስ ልትቀይር ስትገባ በአንድ እጇ መድኃኒቱን፣ በሌላው ስልኳን እያበራች እግሯን የምታሳርፍበት ትፈልጋለች። በሰው ራስ ላይ እየተሻገረች ነው የምትሠራው።

ከደቅ ደሴት ባሏን በጀልባ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። የነጠላዋን አንዱን ጫፍ ግሉኮስ ካልተሰካበት እጁ አንጓ ላይ፣ ሌላውን በራሷ እጅ ላይ አስራ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ምነው ብላት «ከታች ሆኜ አይታየኝም፤ ሲገላበጥ ይቀሰቅሰኛል» አለችኝ። ዲዛይኔ ምን መሆን እንዳለበት እሷ ነገረችኝ። አስታማሚው ከታካሚው እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ዓይኑ እንዲያይ፣ እጁ እንዲደርስ።

እኛ አገር ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ፖፖ የሚያቀርበው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። ከሜጫ፣ ከደራ፣ ከፎገራ የመጣ ገበሬ አድሮ የሚመለስበት ቤት ከተማው ውስጥ የለውም። ለእሱ ቦታ ያልተሳለበት ክፍል ሥራው ያላለቀ ክፍል ነው።

ክፍሉ 8 ሜትር ርዝመት አለው። በሁለቱም ግድግዳ አራት አራት አልጋ ተደርድሯል፤ ለአንድ አልጋ 2 ሜትር ይደርሰዋል። አልጋው 90 ሳንቲም ሲወስድ 1.10 ይቀራል። በዚያች ላይ ኮመዲኖው፣ የግሉኮስ መስቀያው፣ ነርሷና መሬት የተኛው ሰው ይጋፋሉ። አልጋዎቹን ሦስት ሦስት ሳደርጋቸው ለአንዱ 2.66 ሜትር ደረሰው። 90 ለአልጋው፣ 60 ለመደቡ፣ የቀረው 1.16 ለነርሷና ለጋሪዋ። መደቡ 45 ሳንቲም ከፍታ፣ 1.80 ርዝመት አለው። አልጋውን ተጠግቶ፣ ከነርሷ መሥሪያ በተቃራኒ በኩል ይሆናል። አልጋው ባለጎማ መሆን አለበት፤ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ይጎተታልና በሁለቱም በኩል ይደረስበታል።

መደቡን በእንጨት አትሥሩት። ስንጥቁ የትኋን ቤት ይሆናል። ብረቱን ደግሞ በረኪና ይበላዋል። ባለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠበጥ የሆስፒታል ማጽጃው 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደም የፈሰሰበት ሁሉ በዚያ ነው የሚጸዳው። እኔ በኮንክሪት ሠርቼ ቴራዞ (የእብነ በረድ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተቦክቶ የሚለሰልስ ልባጥ) አለበስኩት። ማዕዘኑን አድቦለቦልኩት። ሥሩን ክፍት ተውኩት፤ ባልዲው፣ ጀሪካኑና የምግብ ዕቃው እዚያ ይገባል። በላዩ የሚነጠፈው ስፖንጅ በሚወለወል ፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን።

መስኮቱም ነበር። የታችኛው ጠርዙ 1.20 ሜትር ላይ ስለሆነ የተኛ ሰው ከሰማይ በቀር አያይም። ወደ 75 ሳንቲም አወረድኩት። ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣውን ጥናት ከሥዕሉ ጋር አያያዝኩ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በመስኮት ዛፍ የሚያዩ ታካሚዎች፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። ይህ ያለ አንዲት ጥያቄ ጸደቀ። ፔንሲልቬኒያ ያለ ዛፍ ወዲያው ሲያልፍ፣ አጽዳቂዎቹ ዓይን ሥር መሬት የተኛው ሰው ጉዳይ መከራዬን አበላኝ።

ወደ እሱ ልግባ። ሥዕሉን ለማጽደቅ ያዩት ኃላፊ መጀመሪያ የቆጠሩት አልጋ ነው። «ኢንጂነር፣ 24 የነበረውን 18 አድርገውታል። ብር ወጥቶ አልጋ ይቀንሳል እንዴ?» አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የአልጋ ቁጥር ነው። ነርሷ ሌሊት የረገጠችው ሰው ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ይህን በትሕትና አስረዳኋቸው። ሁለተኛውን አመጡ፦ «አስታማሚ ማደር የለበትም። የመጠየቂያ ሰዓት አለ። መደብ ከተሠራ እደሩ ማለት ነው።» እነዚያ ሰዎች እኮ እያደሩ ነው! ኃላፊው የሚሠሩበት ቢሮ ከዋርዱ በእግር የሚደረስ ነው። አንድ ምሽት ብቅ ብለው ቢያዩ ይበቃ ነበር።

ከዚያ ምልልሱ ጀመረ። ከኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ደብዳቤ አምጡ ተባልኩ። ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው። ደብዳቤው ሲገኝ ፈራሚው ፊልድ ወጥተዋል። ፊልዱ ሲያልቅ ማኅተም የያዘችው ልጅ ዓመት ፈቃድ ላይ ናት። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። ያ ሁሉ ሲሆን ሲሚንቶው ዋጋውን ጨመረ፤ የኮንትራክተሩ ሰዎች ሌላ ሥራ አግኝተው ሄዱ፤ የተዋጣው ገንዘብ በባንክ ቁጭ ብሎ አቅሙ ወረደ። መጨረሻ ላይ የደረሰኝ ደብዳቤ «መደቡ ወጥቶ፣ አልጋው ወደ 24 ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል። ምክንያት የለውም። ያንን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም።

ያዳነችን ሜትሮኗ ናት። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ የክፍሉን ልክ በኖራ አሰመርን። አራት አልጋ አመጣን። ተላላኪዎቹና ጽዳቶቹ ጋቢ አንጥፈው በአልጋዎቹ መሀል ተኙ። ሜትሮኗ ኃላፊውን ጠርታ የመድኃኒት ጋሪውን አስያዘቻቸውና «እስኪ እስከ አራተኛው አልጋ ይግፉልኝ» አለቻቸው። ሁለተኛው አልጋ ጋ ጎማው የአንዷን ጋቢ ያዘ። ልጅቷ እግሯን ሰበሰበች። ኃላፊው ጋሪውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ በሌላ በኩል ሞከሩ፣ አላለፈም። «ሌሊት ነው፣ መብራትም ሄዷል እንበል» አለች ሜትሮኗ። መልስ አልነበራቸውም።

ግን ሙሉ በሙሉ አልሰጡንም። «ሁለቱ ክፍል እንዳላችሁት ይሁን፤ ሦስተኛው 8ቱን እንደያዘ ይቆይ» አሉ። 20 አልጋ ከ18 ለሪፖርት ይሻላላ! ይህ ዛሬም ያበሽቀኛል። ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ነርሶቹ ወለሉን እያዩ ሳይሆን ታካሚውን እያዩ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ውስጥ ካርቶኑ ማታ ማታ ይነጠፋል፤ እዚያ የተኙት ወደ ሌላው ክፍል አዛውሩን እያሉ ይለምናሉ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ሥዕሉን ለቢሮ ከማቅረባችሁ በፊት ለሜትሮኗ አሳዩና አስፈርሙ። ከባዶ አልጋ ሥዕል ጋር አትሂዱ። ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በልኩ ሳሉት፣ የተኛውንም ጭምር። አልጋ መቀነስ ካለባችሁ በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ተናገሩ። በኖራ ማስመሩንም መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ አድርጉት።

ስለ አየርም ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ በመስኮት አየር ለሚያገኝ ተራ ዋርድ ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር ይላል። ቁጥሩ በታካሚ የተሰላ ነው። እኛ ጋ በአንድ አልጋ ሁለት ሰው ይተነፍሳል። እኔ አስታማሚውንም ቆጥሬ ነው የመስኮቱን ስፋት ያወጣሁት። ነፋሱ ቀን ከጣና ወደ ከተማው፣ ሌሊት ደግሞ ከየብሱ ወደ ሐይቁ ስለሚሆን በሁለቱም ግድግዳ መክፈቻ ያስፈልጋል። የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ስታስገቡ አየሩ ይቀንሳል፤ ያንንም በስፋት አካክሱት። መስከረምና ጥቅምት ወባ ሲነሳ ታካሚው አጎበር አለው፣ አስታማሚው የለውም። ሊያስታምም መጥቶ ታሞ የሚመለስ ሰው አለ። ከመደቡም በላይ የአጎበር መስቀያ ቀለበት ኮርኒሱ ላይ ትከሉ። ዋጋው ኢምንት ነው።

የእጅ መታጠቢያው በሩ ጋ ይሁን፤ ነርሷ ስትገባም ስትወጣም የምታልፍበት። «ዕቃ ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ግን ትርፉ ድካም ነው። የበላ ሰው ሰሃኑን የሆነ ቦታ ማጠብ አለበት፤ ሌላ ካጣ እዚያው ያጥባል፣ ቧንቧውም በእንጀራ ፍርፋሪ ይደፈናል። እኔ ከኮሪደሩ ጫፍ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ የእጅ መታጠቢያው ተደፍኖ አያውቅም።

ለሦስተኛው ክፍል አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በዚህኛው ላይ ሜትሮኗም፣ የዋርዱ ሐኪሞችም ፈርመዋል። ስፖንጁና ቴራዞው የተረፈው መጋዘን ተቀምጧል፤ ፈቃዱ ከመጣ በማግሥቱ ሥራ እንጀምራለን።