አራት የታጠፈች ጨርቅ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ጣት ያደርቃል። እትዬ ከመንዝ በኩል መጡ፤ ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ባና የደረቡ ሴት።

«ጡቴ ልብሴን ያረጥብብኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰልፉ ረጅም ነው፣ ክፍሉም በረዶ። ባናውን እንኳ አላስወለቅኋቸውም። ኢንፌክሽን ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ጽፌ ሸኘኋቸው። ትኩሳት የለ፣ ቅላት የለ፣ አያጠቡ። ምን እንደነካኝ እንጃ!

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ያየቻቸው ጤና መኮንኗ ናት፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። መጀመሪያ ያየችው ጡታቸውን ሳይሆን የቀሚሳቸውን ውስጥ ነበር። እትዬ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አራት አጥፈው ግራ ጡታቸው ላይ አኑረዋል። መሃሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቡናማ ነጠብጣብ፤ ጠርዟ ገና ቀይ።

«ሳይነኩት ነው የሚወርደው?»

«ተኝቼም ይወርዳል።»

«ቀኙስ?»

«እሱ ደኅና ነው።»

ጣቷን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ እያዞረች ቀስ ብላ ጫን ጫን አደረገች። አንድ ቦታ ስትደርስ ከአንዲት ቀዳዳ ብቻ የደም ጠብታ ብቅ አለ። በእጅ የሚዳሰስ እብጠት የለም።

ፈሳሹ ወተት መሰል ሆኖ ከሁለቱም ጡት ቢመጣ ኖሮ ሆርሞን ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ይጠረጠር ነበር። ከአንድ ወገን፣ ከአንድ ቀዳዳ፣ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ግን፣ በተለይ ደም ካለው፣ የወተት ቱቦው ውስጥ የበቀለ ነገር ይፈለጋል።

«ጠብታውን በስላይድ እንላከው» አልኩ፣ ጥፋቴን ለማካካስ።

«ላኪው። ንጹሕ ነው ቢሉሽም ግን አንተወውም።»

እውነቷን ነው፤ ጠብታው ውስጥ የካንሰር ሴል አለመታየቱ ካንሰር የለም አያሰኝም።

ሪፈር ተጻፈላቸው። ማሞግራሙ፣ የጡት ራጁ ማለት ነው፣ ምንም አላሳየም። አልትራሳውንዱ ግን ከጡቱ ጫፍ ሥር የሰፋ ቱቦ፣ ውስጡም አንድ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ቅንጣት አገኘ። በወፍራም መርፌ ናሙና ተወሰደ። ፓፒሎማ ተባለ፤ የቱቦው ግድግዳ ላይ የሚበቅል፣ ኪንታሮት መሰል፣ ካንሰር ያልሆነ ሥጋ። እትዬ በዚሁ ወደ ቀያቸው ሊገሰግሱ ነበር። ሐኪሙ ያዛቸው። ደሙ አልቆመም፤ መርፌ የሚያወጣው ደግሞ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በቀረው ውስጥ የተለወጠ ሴል ሊኖር ይችላል። ቱቦው ተቆርጦ ወጣ። ፓቶሎጂ፣ የሥጋ ናሙና የሚመረምረው ክፍል፣ ሙሉውን አየው፤ የተለወጠ ሴል አልተገኘም።

በኋላ ሊጠይቁን መጡ፣ አይብ ይዘው። ስለ መጀመሪያው ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያን ኪኒን አንድም ሳላጓድል ጨረስኩት፣ ልጄ። አንቺ ያዘዝሽው አይደል!»