በአዲስ ሰፈር የጽዋ ማኅበር ማቋቋም፦ እኛ የሄድንበት መንገድ

ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ በኮሪደር ልማት ተነሥቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ቁልፉን በተቀበለ ሳምንት መጋረጃ ይሰቅላል፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያፈላልጋል። እድሩ፣ ሰንበቴውና የንስሐ አባቱ ግን እዚያው ቀርተዋል። በዚያ ላይ የኑሮ ውድነቱ አለ፣ ከየአቅጣጫው የሚሰማ የጦርነት ወሬ አለ፤ የት እንደገባ የማይታወቅ ዘመድ ያለው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። እኛ ሰፈር የተገኘው መላ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ በሥላሴ ስም የጽዋ ማኅበር ጀመርን። እንዴት እንዳደረግነውና የትኛው ነገር እንደሚያስቸግር እዚህ አስቀምጣለሁ።

ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ካህን ይገኝ። ብዙዎች ይህን ገልብጠው ነው የሚጀምሩት፤ መጀመሪያ ጎረቤቱ ይሰባሰባል፣ መዋጮ ይወሰናል፣ በመጨረሻ “ማን ይባርክልን?” ይባላል። እንደዚያ የተጀመረ ማኅበር ሦስት ወር ሳይሞላው ወይ እቁብ ይሆናል ወይ የቡና ወሬ። በአቅራቢያ ወዳለው ደብር ሄዶ አስተዳዳሪውን ማነጋገር፣ በሰበካ ጉባኤው መመዝገብ፣ ከዚያ ካህን መለመን ነው ቅደም ተከተሉ። የንስሐ አባታቸው ቀድሞ ሰፈር የቀሩባቸው ሰዎች ሳይነግሯቸው ሌላ እንዳይዙ፤ ደውለው ወይም ሄደው ቡራኬ ይቀበሉ። በተለይ ትልልቆቹ እናቶች ይህ ካልሆነ አዲሱን ካህን በልባቸው አይቀበሉትም፤ እውነታቸውን ነው።

ካህኑን ሲያገኙ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ “አባታችን፣ የትኛው ቀን ይቀልሎታል?” ወር በገባ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም በየሰፈሩ ማኅበር የሚበዛባቸው ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት አንድ ካህን ከቤት ቤት ሲሮጥ ያመሻል፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ባርኮ ለመሄድ እግሩን በር ላይ አድርጎ ነው። ለተቸገረ ሰው ደግሞ ከቡራኬው እኩል የሚያስፈልገው ካህኑ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ነው። እኛ 7ን፣ የሥላሴን ቀን፣ የመረጥነው በከፊል ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት የኪስ ነው፤ ደመወዝተኛው ወር ሳይጋመስ ተራው ቢደርሰው አይጨነቅም። 16 ኪዳነ ምሕረት ይሁን ያሉ ነበሩ፤ በወሩ አጋማሽ ላይ ከባንክ ሒሳቡ ይልቅ ዱቤው እንደሚበዛ ሲነገር ተዉት።

ቤተሰቦቹ 12 ሆኑ። ሐዋርያቱ 12 ናቸው፣ ወሮቹም 12 ናቸው፤ ጳጉሜን ያለ ተራ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደግሳል። ከዚህ ከበዛ ሰው ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ይጨናነቃል። ኮንዶሚኒየሙ ባለ አራት ፎቅ ሆኖ ሊፍት የለውም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ማኅበርተኛ ላይ ከሆነ ተራው፣ ወይም መውጣት የማይችሉት ብዙ ከሆኑ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ኮሚናል (የጋራ መጠቀሚያ ቤት) አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ካልተነገረው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሰጥቶት ታገኙታላችሁ።

ሙሴ (የማኅበሩ መሪ)፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ሙሴው የሚናገር ሰው ባይሆን ይሻላል፤ የሚያስታውስ ሰው ይሁን። ሥራው ተረኛውን ከሁለት ሳምንት በፊት መጠየቅ ነው፦ ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ ወይ፣ ለቅሶ ደርሶባቸው ይሆን፣ እጃቸው አጥሮ ይሆን? ያቃተው ሰው ካለ ተራው በዝምታ ከሌላው ጋር ይቀያየራል። በስብሰባ ላይ “እገሌ አልቻለም” ከተባለ ያ ሰው በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

አሁን ወደ ድግሱ። ማኅበር የሚያፈርሰው ፉክክር ነው። አንዱ በግ ያርዳል፣ ቀጣዩ ከእሱ ላለማነስ ይበደራል፣ ሦስተኛዋ ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። እኛ ዓመቱን ሙሉ የጾም ማዕድ ብቻ ብለን ደነገግን። ይህ ለኪስ ብቻ አይደለም፤ 7 ቀን ታኅሣሥ ላይ ጾመ ነቢያት፣ መጋቢት ላይ ዐቢይ ጾም፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ውስጥ ይውላል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በቀር በሌሎቹ ወሮች ይገጥማል። አንዱ ተረኛ በፍስክ ወር ወድቆለት ዶሮ ሲሠራ ሌላዋ ጾም ስለገጠማት ሽሮ ብታቀርብ ማነጻጸሩ አይቀርም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ማን ምን አቀረበ የሚለው ወሬ ይጠፋል። ዝርዝሩ፦ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ እና መጠጥ። ከዚህ ያለፈ አይቀርብም፤ ተርፎኛል ያለ በማኅበሩ የመረዳጃ ሣጥን ይጨምር።

ለ25 ሰው ያህል 4 ኪሎ ዱቄት ይበቃል፤ ለበሽተኛና ለነዳያን የሚተርፍ አለው። ግን አንድ ትልቅ ድፎ አድርጋችሁ አትጋግሩት፣ ሁለት ባለ ሁለት ኪሎ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ሙቀት መቀነሻ የለውም፤ ወፍራም ድፎ ሲጣድበት ላዩ ይጠቁርና መሐሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሶኬቱን እየነቀሉ እየመለሱ፣ በዝግታ፣ ተገላብጦ ይብሰል። ኮባ ከገበያ ካልተገኘ በዘይት የታሸ የመጋገሪያ ወረቀት ያገለግላል፤ ሽታው ግን እንደ ኮባው አይሆንም። መብራት ቢጠፋ ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ድፎ ከሌላ ብሎክ፣ ሌላ መስመር ካለው ማኅበርተኛ ቤት ይጋገር። ንፍሮው 2 ኪሎ ስንዴና 1 ኪሎ ሽምብራ፣ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ ያደረ፤ ሽምብራው ቀድሞ ይጣዳል።

ጠላ ላይ ክርክር ነበር። ከጥንስሱ እስኪደርስ ከሳምንት በላይ ይፈልጋል፤ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጋን በወይራ ማጠን ደግሞ ጎረቤት ያስነሣል። ካህኑን ጠይቀን፣ የቻለ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላ፣ ያልቻለ ጠበል ያቅርብ ተባለ። በማቴዎስ 10፥42 ስለ አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የተነገረውን ያነሡልን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጠበል ያቀረበ ሰው አንገቱን አይደፋም።

ሥርዓቱ ረጅም አይደለም። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ መልክአ ሥላሴ ይነበባል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይቀርባል። ከማዕዱ በኋላ አጭር ትምህርት አለ፤ ከ15 ደቂቃ እንዳያልፍ በትሕትና ተለምኗል። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ወር ተረኛ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ተቀብሎ በእልልታ ይሸኛል። አንድ ጽዋ ለሁሉ ማዞሩን ግን አልጀመርነውም። በ2012 የኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ተረኛው ዳቦውን አስባርኮ በየበሩ ያደረሰባቸው ማኅበራት ነበሩ፤ በኋላ ሲሰበሰቡም ለየራስ ብርጭቆ ሆነ። እኛም ጽዋውን ካህኑ ባርኮ በየብርጭቆው እንዲቀዳ አድርገናል።

ከሁሉ በላይ የምናገረው ስለ መክፈልት ነው። መክፈልት ማለት ላልመጣው ሰው የሚላክ ቁራሽ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ብዙ ቦታ ግን በልጅ እጅ በፌስታል ተልኮ ያበቃል። እኛ ጋ ሁለት ሰው ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ አንዷ ሴት ትሁን። ሲገቡ “ለምን ቀረህ?” አይባልም። ዳቦው ይሰጣል፣ ይቀመጣሉ፣ ቡና ቢፈላ ይጠጣል። የሚታየው ነገር አለ፦ ምድጃው ቀዝቅዞ ይሆን? መድኃኒቱ አልቆ ባዶ ብልቃጥ መስኮት ላይ ቆሞ ይሆን? ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ቤት ውሉ ይሆን? የተቸገረ ሰው “ተቸገርኩ” አይልም፤ በተለይ ትናንት የራሱ ሱቅ የነበረው። ተመላሾቹ ያዩትን ለሙሴውና ለካህኑ ብቻ ይናገራሉ። ቅጣት የለንም። በቀረ ቁጥር 50 ብር የሚያስከፍል ማኅበር የሚያባርረው ያንኑ ሊረዳው የሚገባውን ሰው ነው፤ ሁለት ወር ተከታትሎ የቀረ ካለ ካህኑ ራሳቸው ይሄዳሉ።

ሣጥኑ ከድግሱ የተለየ ነው። እያንዳንዱ የቻለውን በተጣጠፈ ወረቀት ያስገባል፤ ስም አይጻፍም፣ መጠን አይነበብም። ገንዘቡ በባንክ፣ ከሦስት ፈራሚዎች በሁለቱ ፊርማ ይወጣል። ከአገር ውጭ ወይም ክፍለ ሀገር የሄደ ማኅበርተኛ በገንዘብ ያዡ ቴሌብር ልላክ ሲል እሺ አትበሉ፤ የግልና የማኅበር ገንዘብ አንዴ ከተቀላቀለ ሰውየው ንጹሕ ቢሆንም ሐሜቱ አይለቀውም። ብድር አንሰጥም። ብድር የወሰደ ሰው መክፈል ሲያቅተው ከማዕዱም ይሸሻል። የሚሰጠው ሁሉ ስጦታ ነው፤ አነስተኛ ይሁን እንጂ መልሱ አይጠየቅም፦ የመድኃኒት፣ የደብተር፣ አንዳንዴ ወደ ለቅሶ መሄጃ ትራንስፖርት። ለቀብርማ እድር አለ፤ ማኅበሩ እድርን ልተካ ካለ ሁለቱም ይወድቃሉ።

አስቸጋሪው ነገር ፖለቲካው ነው። ከ12ቱ ቤቶች ውስጥ ትግራይ፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ወለጋ ዘመድ ያላቸው አሉ። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ጀምሮ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም ቁስሉ በየቤቱ አለ፤ ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ሌላ ቤት አንኳኳ። “ፖለቲካ አይወራ” ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወንድሙ የጠፋበት ሰው ስለ ወንድሙ ዝም በል ሊባል አይችልም።

መፍትሔውን ያገኘነው ከጸሎት መዝገቡ ነው። ጸሐፊዋ የሞቱትንና የጠፉትን የምትይዘው በስመ ክርስትናቸው ብቻ ነው፦ ወልደ ገብርኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ መስቀል። የአባት ስም የለም፣ ትውልድ ቦታ የለም፣ በየትኛው ወገን ተሰልፎ እንደነበር የለም። ካህኑ ስሞቹን ተራ በተራ ሲያነብቡ ሁሉም “አቤቱ ማረን” ይላል። የእገሌ ወንድም ከእገሊት ልጅ ጋር ተያይዞ ይጠራል፤ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያስመዘገበው ሰው ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ቃል አልተጨመረም፣ ማብራሪያም አይጠየቅም። ከማዕዱ በኋላ ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ስለ ሟቾቻቸው ቢያወሩ ማንም አይከለክላቸውም፤ ያ ከወገን ክርክር ይለያል፣ ድምፁም ያስታውቃል።

የቴሌግራም ቡድኑ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊንደው ይችላል። ከአንድ የተላለፈ ቪዲዮ በላይ አያስፈልገውም። በቡድኑ የሚጽፈው ሙሴው ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከል፤ የተራ ቀን፣ የለቅሶ፣ የበሽተኛ ማስታወቂያ፣ በቃ። “ለመወያየት ይከፈት” የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ አይከፈት።

ሙስሊምና ጴንጤ ጎረቤቶችን በተመለከተ፣ ወንበርና ትሪ የምንዋሰው ከእነሱ ነው፤ ትሪው ሲመለስ ባዶውን አይመለስም። ከዚያ ውጪ ጣልቃ የሚያስገባ ነገር የለም።

አዲስ መጪ ሲኖር ራሱን የቻለ ተራ ወዲያው አይሰጠውም። ከአንድ ነባር ቤት ጋር ይጣመራል፤ በዚያ ወር ሁለቱ ቤቶች ድግሱን በጋራ ይችላሉ፣ ለነባሩም ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ጥንዶቹ 12 ሲሞሉ፣ ማለት 24 ቤት ሲደርስ፣ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። ሲከፈል በሰፈር ወይም በቀበሌ ልጅነት አይሁን፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይሂድ፣ ዕጣም ይጣል። አዲሱ ማኅበር ሌላ ቀን ይመርጣል፣ ካህኑ እንዳይደራረብባቸው። ጽዋው ከነባሩ ጋር ይቀራል፤ ለአዲሱ የሚገዛው ከሣጥኑ ሳይሆን ከሁሉም በሚዋጣ ገንዘብ ነው፣ የእገሌ ስጦታ ነው እንዳይባል። ጸሐፊዋ የጸሎት መዝገቡን ሙሉውን ገልብጣ ለሁለተኛው ትሰጣለች፤ ስሞቹ በሁለቱም ቤት ይነበባሉ።