ቫይታሚን ሲ መዋጥ ለምን አቆምኩ
እሁድ ጠዋት ሐዋሳ ከታቦር ተራራ ስር ተነስቼ 30 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስመለስ እግሬ ድንጋይ ሆኖብኝ ሐይቁ ዳር ቁጭ አልኩ፣ የጫማዬን ክር ለመፍታት እንኳን ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ድሮ ቢሆን ያቺን ፊሽ እያለች የምትሟሟ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ወዲያው ጭልጥ ነበር የማደርጋት፣ ምክንያቱም ረጅም ስንሮጥ ጡንቻ ውስጥ ፍሪ ራዲካል (ያልተረጋጋ ሞለኪውል) ይበዛል፣ ሴል ይጎዳል፣ እንደ ቫይታሚን ሲ ያለ አንቲኦክሲዳንት ደግሞ ያጠፋዋል ስለተባልን ነው። ግን እኮ እነዚሁ ፍሪ ራዲካሎች መልእክትም ያደርሳሉ! ሰውነት የራሱን መከላከያ እንዲያጠናክር፣ ማይቶኮንድሪያ (ሴል ውስጥ ጉልበት የሚያመነጨው ክፍል) እንዲጨምር የሚቀሰቅሱት እነሱም ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ጥናት ላይ ለ4 ሳምንት ስፖርት እየሰሩ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱት ሰዎች ስፖርቱ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን) በደንብ እንዲሰራ የሚሰጠውን ጥቅም አላገኙም (ማራቶን ሯጮች አልነበሩም፣ እኔን ግን በጣም አሳስቦኛል)። አሁን ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ የዓሳ ሾርባ በትኩሱ፣ ማታ ምስርና ጎመን በእንጀራ፣ ከዛ እንቅልፍ፣ በደንብ እንቅልፍ። ጀማሪ ልጆች እባካችሁ ያቺን ብር ለክኒን አታውጡ፣ እንቁላል ግዙባት። ሰኞ ደግሞ አልሮጥም፣ ጓደኞቼ በ11 ሰዓት ቢደውሉም አልነሳም።