በስድስት ብርጭቆ የሄደው ቀሚስ

ባለፈው ማክሰኞ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሳር ቤት ሄጄ ነበር። ጉዳዩ ቶሎ አለቀ። ታክሲ ለመያዝ በውስጥ መንገድ ስወርድ አንድ የድሮ ቪላ አየሁ። ወደ መንገዱ የዞረው ክፍል ሱቅ ሆኗል። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የተሰቀለበት ግን አንድ ቀሚስ ብቻ ነው።

ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ። ክብ ነጭ ኮሌታ። ከደረት እስከ ወገብ የተደረደሩ አራት ትልልቅ ቁልፎች፣ በራሱ በቀሚሱ ጨርቅ የተሸፈኑ። ርዝመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል።

ባለሁበት ቆምኩ። ቀሚሱን አውቀዋለሁ።

እናቴ በ1964 ዓ.ም. ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ቡፌው ላይ አለ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታይፒስት ሆና ከተቀጠረች ገና ስድስት ወሯ። ጸጉሯን አፍሮ አበጥራ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ወንበር ላይ ጎን ብላ ተቀምጣለች። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። የቀሚሱን ቀለም የነገረችን እሷ ናት። "ቢጫ ነው፣ ግን የሚጮህ ቢጫ አይደለም" ትላለች ሁሌ።

ገባሁ።

ውስጡ ብዙ ልብስ የለም። ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ ሊነካ የደረሰ የወንድ ሸሚዝ፣ ቼክ ካፖርት፣ ሦስት አራት ቀሚስ። ጥግ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የድሮ ሸክላ ሽፋኖች በመስታወት ገብተው ተሰቅለዋል። በ1960ዎቹ የእነ አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ሲወጣ ሰው የሚገዛው ለሙዚቃው ነበር። አሁን ግን እንዴት ይለበስ እንደነበር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ሽፋኑም ትልቅ ሀብት ነው። የከረባቱ ስፋት፣ የኮቱ ቁልፍ፣ የጸጉሩ አቆራረጥ ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

ባለቤቷ ከሠላሳ ዓመት የማትበልጥ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች። ዓይኔ የት እንዳረፈ ስላየች ቀሚሱን ራሷ አውርዳ "ይሞክሩት" አለችኝ።

ልክክ አለ። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ሁሉም። ገበሩ ቀዝቀዝ ብሎ ገላ ላይ ይንሸራተታል። መስታወት ፊት ስቆም እናቴን አየሁ ብል ደስ ይል ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። ያየሁት ራሴን ነው። አርባ ዓመት የሞላት፣ ልብስ አምሮባት የቆመች ሴት። ለስንት ጊዜ እንደዚያ ራሴን እንዳላየሁ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ብብቱ ስር የተንጠለጠለችውን ካርድ ገለበጥኳት። 18,500 ብር።

ደሞዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 15,200 ብር ነው።

አውልቄ መለስኩላት። "ቁርጥ ዋጋ ነው?" አልኳት። "አዎ፣ ቁርጥ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። መውጣት እችል ነበር። ግን ማወቅ ፈለግኩና "ባትቀየሚኝ፣ ለምንድነው ይህን ያህል የሆነው?" ብዬ ጠየቅኳት። አልተቀየመችም። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ገለበጠችው።

ልብስ ሲገለበጥ ነው የሚታወቀው። ገበያ ላይ የምንገዛው ቀሚስ ሲገለበጥ ጫፉ በማሽን ተዘምዝሞ ያልቃል፣ ክሩም በሁለተኛው እጥበት ይተረተራል። ይሄ ግን አንድም የተጋለጠ ጠርዝ የለውም። እያንዳንዱ ስፌት ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደገና ተሰፍቷል። የታችኛው እጥፋት አራት ጣት ያህል ስፋት አለው፣ የተያዘውም በእጅ ስፌት ነው። ከፊት ለፊት ክሩን ብትፈልጉ አታገኙትም። "አንድ ቀሚስ ሦስት ቀን ይወስዳል" አለችኝ። ሰፊዎቹ እሷን ጨምሮ ሦስት ናቸው። ፋብሪካ መቶ ጨርቅ አነባብሮ በአንዴ ይቆርጣል፤ እነሱ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚቆርጡት። ጨርቁ ከቱርክ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። "ያኔ ያዘዝኩት ጨርቅ እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ" አለች።

አመንኳት። አሁንም አምናታለሁ። ዋጋው ለሥራው ይገባዋል። እኔ ግን አልችለውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። ዋጋውን ስትሰማ "ወይ ጉድ" ብላ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ሂሳብ አወራችኝ። ያኔ ደሞዟ 120 ብር ነበር። ጨርቁን መርካቶ በሜትር ለክተው ሸጡላት፣ 9 ብር። ሰፊው ፒያሳ ነበር፣ የስፌቱን 6 ብር ተቀበላት። አሥራ አምስት ብር። የደሞዟ ስምንተኛ ማለት ነው።

የእኔ ደሞዝ ስምንተኛ 1,900 ብር ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ አየሁት። በ1,900 ብር ዛሬ ገላ የሚያሳይ ስስ ቀሚስ ይገኛል፣ ከገበር ጋር የተሰፋ ግን አይገኝም። አንዲት ጀማሪ ታይፒስት በቀላሉ የምታሠራው ልብስ በእኔ ዘመን የሀብታም ልብስ ሆኗል። ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ዘመኑን ማሳመር አልፈልግም። እናቴ ራሷ አትፈቅድልኝም። አጭር ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ የሰፈር ሰው ምን ይላት እንደነበር ታስታውሳለች። በመጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርዒት ሲደረግ ተማሪዎች "የባዕድ ባህል ነው" ብለው አምፀው ረብሻ ሆኖ ነበር። እሷ በዚህ ቀሚስ በተነሳች በዓመቱ ደግሞ ወሎ በረሃብ አለቀ። "እኛ እዚህ እንዘንጥ ነበር፣ አላወቅንም" ትላለች፣ እስከ ዛሬ እየከበዳት። ደርግ ከመጣ በኋላ ቀሚሱን አልለበሰችውም። ሻንጣ ውስጥ ገባ፣ ሻንጣው አልጋ ስር።

ከዚያ የሄደበትን አውቃለሁ፤ ነበርኩ። 1984 ነው፣ ስድስት ዓመቴ ነበር። የወንድሜ ክርስትና ደርሷል። ቤታችን ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ብርጭቆ የለም። "ልዋጭ! ልዋጭ አለ!" የሚል ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ እናቴ "ሩጪ፣ ጥሪው" አለችኝ። ሮጬ ጠራሁት። ሰውየው ጆንያውን በራችን ላይ አወረደ። ሳፋው ውስጥ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነበር። እናቴ ሻንጣውን ጎትታ አወጣች። ሰውየው ቢጫውን ቀሚስ ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው፣ ብብቱን አሸት አሸት አደረገ፣ "አራት ብርጭቆ" አለ። እናቴ "ስድስት" አለች። ተስማሙ።

ከስድስቱ ዛሬ ሁለት ቀርተዋል። ወገባቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባቸው ናቸው፤ የአንዱ ቅጠል በእጥበት ብዛት ግማሹ ለቋል። ማክሰኞ ማታ ሻይ የጠጣነው በነሱ ነው።

አንድ ነገር የገባኝ ይህን ሳስብ ነው። መርካቶ በቦንዳ ከሚመጣው ሰልባጅ ውስጥ ጎርጉሮ የድሮ ፋሽን የሚያወጣ ሰው አለ፤ ዓይን ካለህ ቆንጆ ነገር አታጣም። እኔም ከዚያ የገዛሁት ካፖርት አለኝ። ግን በቦንዳ የሚመጣው የሌላ አገር እናቶች ልብስ ነው። እዚያ ልብስ ተርፎ ይቀመጣል። የእኛ እናቶች ልብስ አልተቀመጠም። ገጠር ላለ ዘመድ ተላከ፣ ለልጅ ተቆርጦ ተሰፋ፣ መጨረሻ ላይ መወልወያ ሆነ። ያም ካልሆነ ልዋጭ ወሰደው። ስለዚህ የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ቀሚስ መልበስ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ፈልጎ አያገኝም። ፎቶ አይቶ ከዜሮ መስፋት አለበት። ያቺ ልጅ የምትሠራው ይህንን ነው። ሳር ቤት ቁጭ ብላ እኛ በብርጭቆ የለወጥነውን መልሳ እየሰፋች ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ "ምን አስጨነቀሽ? በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሰፊ ስጪው፣ በሦስት ሺህ ይሠራልሻል" አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። እኔ አላደርገውም። ልጅቷ ቀሚሱን ገልብጣ ስፌቱን ያሳየችኝ አምናኝ ነው። የሦስት ቀን ድካሟን በስልክ ይዤ ብወጣ ሌብነት ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ደግሞ ሰፊው የሚሠራልኝ ላዩን ነው። እኔ የወደድኩት ውስጡን ነው።

እቁብ አለኝ። ዕጣዬ ሲወጣ ልገዛው እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ግን የዘንድሮው ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ተይዟል፤ እሱን መንካት አልችልም። ስለዚህ አልገዛም። ይህን በግልጽ መጻፍ የፈለግኩት ሱቁ ውስጥ እንደኔ ሞክረው፣ ካርዷን ገልብጠው፣ "እመለሳለሁ" ብለው የወጡ ሴቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ ነው።

እናቴ ግን ነገሩን አልተወችውም። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ "ገበር አለው?" አለችኝ።

"አለው።"

"ቁልፉ የጨርቅ ነው?"

"የጨርቅ ነው። አራት።"

"የኔም አራት ነበር። አራተኛውን ዝቅ አድርጎ ተከለው። ሰፊውን ስንት ተናገርኩት! 'ስትቀመጪ እንዳይከፈት ነው' አለኝ።"

ተነስቼ ፎቶውን ከቡፌው ላይ አወረድኩ። ይህን ፎቶ አርባ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። አራተኛው ቁልፍ እውነትም ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ዝቅ ብሏል፣ ልክ ወገቧ ከሚታጠፍበት በላይ። እናቴ ተቀምጣለች፣ ቀሚሱም አልተከፈተም።

የሳር ቤቱ ቀሚስ አራቱም ቁልፎች እኩል የተራራቁ ናቸው። ስሞክረው ግን ቆሜ ነበር እንጂ አልተቀመጥኩበትም።

ለእናቴ ይህን ስነግራት ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አስሮጠች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጋ አራት። "ለልጅቷ መንገር አለብን" አለች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ብዙ አትወጣም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ራይድ ጠርቼ እወስዳታለሁ። ጥቁሩን ጫማዋን ቀብታ በር ስር አስቀምጣዋለች። ፎቶውንም ከፍሬሙ አውጥታ፣ በነጭ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።