«ይበቃል» የሚል ሰው

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ዴንቨር በምኖርበት አፓርታማ በር ላይ ገና ሳይነጋ አምስት የአገር ልጆች ቆመው ሳይ፣ አንደኛው ደግሞ ጋቢ ደርቦ ሳይ፣ «ምን ሆናችሁ?» ማለት አላስፈለገኝም። የቀረኝ ጥያቄ «ማን?» የሚለው ብቻ ነበር። አባቴ ነበር። ከተቀበረ 11 ቀን አልፎታል።

በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ደሴ ደውያለሁ። እናቴ እቴቴ በዚያው በተለመደው ድምፅዋ «አባትህ ጋደም ብሏል፣ ልቀስቅሰው?» አለችኝ። «ተይው፣ ይረፍ» አልኋት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ሳስባት ትቆጠቁጠኛለች።

የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። በአራተኛው ቀን ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተመልሼ አንሶላ መቀየር ጀመርሁ። አላለቀስሁም። መርዶ ነጋሪዎቹ ሲያለቅሱልኝ እንኳን እኔ «ሻይ ላፍላ» ብዬ ነበር የተነሳሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ተላክሁ።

አማካሪዋ ደግ ሴት ናቸው። አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉበት፣ ምን ያህል እንደምስማማ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር እመልሳለሁ። ስድስቱ ነገርን በሌላ ዓይን አይቶ ስሜትን ስለመለወጥ፣ አራቱ ስሜትን አፍኖ ስለመያዝ ይጠይቃሉ። ስሜቴን ለራሴ እይዝ እንደሆነ ለሚጠይቀው ሳላመነታ 7 ሰጠሁ። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፤ በእኛ ቤት ሆደ ሰፊ መባል ምርቃት ነበርና። እርሳቸው ግን ወረቀቱን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ማፈኑ እየጎዳኝ ስለሆነ በየቀኑ የተሰማኝን ለአንድ ሰው እንድናገር መከሩኝ። ለማን? አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ የምንገናኘው ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው።

ነገሩ ከነከነኝና እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ማንበብ ያዝሁ። መጠይቁን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጄምስ ግሮስና ኦሊቨር ጆን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ስሜቱን የሚያፍን ሰው በኑሮው የሚያገኘው ደስታ አነስ እንደሚል ጽፈዋል፤ አማካሪዋ አልተሳሳቱም። ነገር ግን በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ከሆንግ ኮንግ ቻይናውያን ጋር ሲያነጻጽር፣ ማፈን ከድብርትና በሕይወት ካለመርካት ጋር ተያይዞ የተገኘው በአሜሪካውያኑ ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዴቪድ ማትሱሞቶና ባልደረቦቹ የ23 አገሮችን ሰዎች አይተው ነበር። ለግለሰብ ነፃነት ቅድሚያ በሚሰጡ አገሮች የሚያፍን ሰው ነገሩን በሌላ ዓይን የማየት ልማዱ አነስተኛ ነው። ማኅበራዊ ሥርዓትን መጠበቅ በሚበረታባቸው አገሮች ደግሞ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሳነብ እቴቴ ፊቴ ድቅን አለች። እንባዋን የምትውጠውና «ለበጎ ነው» የምትለው በአንድ ትንፋሽ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ «ለኸይር ነው» ይሉታል፤ አዋዋጡ ያው ነው።

ለሙት ዓመቱ ሄድሁ። ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርጄ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስወጣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀርቶ የጦሳ ጉም ተቀበለኝ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለው ሰፈራችን ደርሼ የግቢውን በር ስገፋ ግን ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። እቴቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ ጎረቤቶች ተከተሏት። አንዲት ሴትዮ አባቴን በስሙ እየጠራች «ልጅህ መጣልህ፣ ተነሥተህ አትቀበለውም?» ስትል ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልመጣው እንባ እዚያ ጭቃ ላይ ወረደ። አላፈርሁም፤ ሁሉም ያለቅስ ነበር።

ብዙ አልቆየም። ቅሬያችንን፣ ማለትም የሰፈሩን እድር፣ ለዓመታት የመሩት እኒያው ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አድርገው «ይበቃል!» አሉ። «አብሽር ልጄ፣ ይበቃል።» ለቅሶው እንደ ቧንቧ ውኃ ተዘጋ። ፊት መታጠቢያ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፤ ቶናው ሳይደርስ ሐጂ አባቴ አንድ ጊዜ በቅሎ ሊገዛ ሄዶ የራሱን በቅሎ ገዝቶ እንደተመለሰ እያወሩ ሁላችንንም አሳቁን። እቴቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

አሥሩን ዓረፍተ ነገሮች አስታወስሁ። ሁሉም «እኔ» የሚሉ ናቸው፦ እኔ እይዛለሁ፣ እኔ እለውጣለሁ። ልያዝ ወይስ ልልቀቅ የሚለውን ሌላ ሰው የሚወስንልህ ከሆነ ስንት ቁጥር ትሞላለህ? ዴንቨር ያጣሁት የመናገር ድፍረት አልነበረም። «አልቅስ» የሚለኝም «ይበቃል» የሚለኝም አልነበረኝም።

ይህን ስል የአገሬን ሁሉ እያሞገስሁ እንዳይመስል። ያ 11 ቀን አሁንም ያንገበግበኛል። በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ለእቴቴ ነገርኋት። «ብቻህን በሰው አገር እንዴት ትቻለው ብዬ እኮ ነው» አለች። እኔስ? ያልቀበርሁትን አባት ያረፈ መስሎኝ ስቀመጥ? መልስ አልሰጠችኝም፤ እጄን ይዛ ዝም አለች። ከእንግዲህ ምንም እንዳትደብቀኝ አስማልኋት። «እሺ» አለች፤ የእርሷን «እሺ» አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስደውል ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለችኝ። ዘግቼ ለሐጂ ደወልሁ።

«ትንሽ ብርድ መቷት ነው፣ አብሽር» አሉኝ። «ብቻ እኔ ነገርሁህ እንዳትል።»

መልሼ ወደ እቴቴ ደወልሁ። የእኔም ድምፅ ሳይለወጥ አልቀረም፤ «ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኋት።