ቁጥር 1728

ሐምሌ 9፣ ሌሊት፣ ጅማ

ዝናቡ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። የክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ በመሆኑ ዓይነ ስውር ለሆንሁት ለእኔ የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝን ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደሩን፣ ለመስማት የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት መዳፌ ጭኜ መያዝ ነበረብኝ፤ በመጨረሻ ጥናቱን ተውሁና ባለፉት ሦስት ሳምንታት የሆነውን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ነገሩ የጀመረው ባንክ ቤት ነው። እናቴ ከአጋሮ የምትልክልኝን ገንዘብ እስካሁን የምቀበለው በክፍል ጓደኛዬ ሒሳብ በኩል ነበር። ጓደኛዬ አንዲት ሳንቲም አጉድሎብኝ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ዳቦ ለመግዛት ባሰበ ቁጥር ሌላ ሰው ከክፍል እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም ብዬ የራሴን ሒሳብ ለመክፈት ወሰንሁ። መስኮቱ ላይ ስንደርስ ሠራተኛዋ ጓደኛዬን «ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እሱን ጠይቂው» አላት። እኔ ራሴ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ በጨዋ ድምፅ፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው አብሮኝ ካልፈረመ ሒሳቡ ሊከፈት እንደማይችል፣ ገንዘብ በማወጣበትም ጊዜ ሁሉ ያው ሰው መገኘት እንዳለበት ነገረችኝ። «ለራስህ ጥቅም ነው» የሚለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ነጭ በትሬን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የውል ሕግ ፈተና ነበረብን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን በኮምፒውተሬ ያለው ቅጂ ገጽ በገጽ በፎቶ ተነሥቶ የተቀመጠ ነው። የእኔ ስክሪን ሪደር ደግሞ ጽሑፍን እንጂ የጽሑፍን ፎቶ አያነብም፤ በመሆኑም 3367 ቁጥሮች ያሉትን ሕግ ስከፍተው «ባዶ» ይለኛል። ስለዚህ ጓደኛዬ ከወረቀት ቅጂው ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ፣ ሌሊት ደጋግሜ እሰማለሁ። የጅማ ክረምት በቀረጻዎቼ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ስለ ውል ሕግ ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የዝናብ ድምፅ ነው።

የዚያን ቀን ስለ ውል አጻጻፍ ከሚናገሩት ቁጥሮች 1728 ላይ ስንደርስ ንባቡ በድንገት ቆመ። መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጣዩን ገጽ እየገለጠ ነው።

«ዘለልህ እንዴ?»

«አይ፣ ይህችኛዋ ፈተና ላይ የምትወጣ አይመስለኝም» አለኝ።

«አንብባት።»

አነበባት። ፍሬ ነገሩ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም ሥራውን በሚያከናውን ዳኛ ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም የሚል ነው። ቀረጻው እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ ሁለታችንም ዝም ያልንበት ጊዜ ከንባቡ ይረዝማል።

ያስቆጣኝ መከልከሉ ብቻ አልነበረም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሳለሁ ለመሬት ወረቀት ቀበሌ ሄዳ ስትመለስ አውራ ጣቷን በአመድና በሳሙና ስትፈትግ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። እኔን በሦስት ዓመቴ ኩፍኝ ዓይኔን ሲያሳጣኝ ሰፈሩ ሁሉ ጸበልና ዕጣ ፈንታ ሲያወራ፣ እሷ ግን «ይህ ልጅ እንደ እኔ ጣቱን ቀለም ውስጥ አይነክርም» ብላ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ድረስ ወሰደችኝ። ብሬል ተማርሁ፤ በስድስት ነጥብ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋሁ ጽፌ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ከግራ ወደ ቀኝ አነበብሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፌ ሕግ ትምህርት ገባሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕጉ እኔንና እናቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በ«ወይም» አስተሳስሮ አስቀምጦናል።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን ቁጥሩን ደግሜ ሰማሁትና የድንጋጌው ዓላማ ክፉ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እንደ እናቴ ያለውን ሰው ያላነበበውን አስፈርመው እንዳያታልሉት የተጻፈ ጋሻ ነው፤ በኔ ፍርድ ጥፋቱ ጋሻውን አጥር ማድረጉ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ኃላፊነት ያለበትን ሹም ማረጋገጫ ነው፤ ባንኩ ግን የጠየቀኝ ዓይን ብቻ ነበር፣ የማንም ቢሆን ግድ አልነበረውም። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ የገንዘብ ጉዳዩን ራሱ የማስተዳደር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ይህንኑ ለባንኩ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍሁት። ጻፍሁ ስል እኔው ተየብሁት ማለቴ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ አትሞ ሲሰጠኝ «ማን ጻፈልህ?» አለኝ።

ዐቃቤ ሕግ መሆን እፈልጋለሁ ስል የሚመልሱልኝም ከዚህ አይርቅም። ገሚሱ «መምህርነት አይሻልህም?» ይለኛል፤ ገሚሱ የየትነበርሽ ንጉሤን ስም ያነሣልኛል። ከሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተነሥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠናችው ይህች ሴት ኩራታችን ናት። የሚያሳስበኝ ሁሉም ሰው የሚያነሣልኝ ያንኑ አንድ ስም መሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር አድልዎ ማድረግን ከልክሎ፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ይህን አዋጅ ገና ሳልመረቅ በቃሌ ያጠናሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከማመልከቻው ይልቅ የከበደኝ ፊርማው ነበር። እጄ እስክሪብቶ ይዞ አያውቅም፤ ፊደልንም የማውቀው በነጥብ እንጂ በቅርጹ አይደለም። የስሜ መጀመሪያ «ጠ» ናት። ጓደኛዬ መዳፌ ላይ በጣቱ ደጋግሞ ሣላትና፣ ሲያቅተኝ «የጅማ በርጩማ አስብ፤ ላይዋ መቀመጫ፣ ከታች ሦስት እግር» አለኝ። የአከራዬ በርጩማ ከበሩ አጠገብ ስለነበር ገልብጬ ዳሰስሁት፣ ገባኝም። ከዚያ ከብስኩት ካርቶን የፊርማ ቦታ የሚያህል መስኮት ቆረጠልኝ፤ መስኮቱን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ በውስጡ እጽፋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርጩማዬ አንድ ጊዜ አራት እግር፣ አንድ ጊዜ ሁለት እግር እያወጣች አስቃናለች። ሁለት ደብተር ጨረስሁ።

ትናንት ከባንኩ ተደወለልኝ። ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበልኝ፤ በአጠገቡ የነበረ ሌላ ሠራተኛም መነበቡን አረጋግጦ ፈረመ። ጓደኛዬን ምስክር እንዲሆን አልጠየቁትም። የኤቲኤም ካርዱን ግን «ለጊዜው» ብለው አቆይተውታል፤ ለእሱ ሌላ ማመልከቻ ጀምሬያለሁ። ካርቶኔን አውጥቼ ፈረምሁ። ያቺው ሠራተኛ ወረቀቱን ስትቀበለኝ «ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሏል» አለችኝ፤ ዘንድሮ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ማታ ለእናቴ ደወልሁላት።

«ጣትህን ቀለም አስነከሩህ?» አለችኝ።

«አይ እማ፣ በእስክሪብቶ ነው የፈረምሁት።»

ዝም አለች። በእሷም በኩል ዝናብ ይሰማል።

«ደግ አደረግህ» አለች ቆይታ። «ያ ቀለም እኮ ቶሎ አይለቅም።»