ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አይጠይቅም

አርሲ ላይ በክረምት ስንዴ ለሚዘራ ሰው ነው ይህን የምጽፈው። እርሻው፣ ዘሩ፣ የመጀመሪያው ማዳበሪያ እንደማንኛውም ገበሬ አለቀ፤ የምለው የለኝም። ነገሬ ቡቃያው ከወጣ በኋላ ቅጠል ማንበብ ላይ ነው፤ ያበላሸሁትም እዚያው ነው።

ከሣሩ ልጀምር፤ እሱን እንኳ በጊዜ አውቄዋለሁ። ስንዴና ሲናር የሚባለው የሣር አረም በሁለት በሦስት ቅጠል ዕድሜያቸው ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። ተንበርክኮ ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን አንገት ማየት ያስፈልጋል። ስንዴ እዚያ ላይ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ጸጉራም ጆሮዎች አሉት። የገብስ ጆሮ ረዘም ያለና ጸጉር የሌለው ነው። ሲናር ጆሮ የለውም፤ ነጣ ያለች ስስ ምላስ ብቻ ቆማ ትታያለች። የቅጠሉ ጠመዝማዛም ይለያል፦ የስንዴ ወደ ሰዓት አቅጣጫ፣ የሲናር በተቃራኒው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ቡቃያውን ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉት። ከሥሩ የተጣበቀው ፍሬ ጠቆር ያለ ጸጉራም ገለባ ከለበሰ ሲናር ነው።

“የአረም መድኃኒት በተዘራ በ30 ቀን ርጩ” የሚለውን ምክር አልቀበልም። ቅዝቃዜ ባለበት ዓመት በ30 ቀን ቡቃያው ገና ነው፤ በሞቀው ዓመት ሣሩ አልፎ ይሄዳል። ቀን ሳይሆን ቅጠል ቁጠሩ። ቱፎርዲ የሚባለው መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንጂ ሣርን አይነካም። እንዲያውም በየዓመቱ እሱን ብቻ የሚረጭ ሰው ለሲናሩ ቦታ ያሰፋለታል። ሣር የሚገድሉት ቶፒክና ፓላስ ለስንዴ ናቸው፤ ገብስ ላይ እንዳትሞክሩ። ፓላስ የተረጨ ሣር ማደጉን ቶሎ ያቆማል፣ ቢጫ ሆኖ የሚሞተው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። “አልሠራም” ብሎ ደግሞ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ይደፋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከማሳው መሃል ሁለት እርምጃ የሚሆን ቢጫ ቦታ አየሁ። ሦስት ቅጠል ቆርጬ፣ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ግብርና ባለሙያ ሄድኩ። በመስኮቱ ብርሃን አየት አደረገውና “ናይትሮጅን አንሶታል፣ ዩሪያ ጨምርበት” አለኝ። ማሳውን ልይ አላለም፤ እኔም ና እይልኝ አላልኩም። ግማሽ ሄክታር ላይ 50 ኪሎ ዩሪያ በተንኩ። በ12ኛው ቀን ማሳውን አቋርጬ ስወጣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ነበር። ቢጫ ዋግ ነው፤ ቅጠል ላይ ዱቄት የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ።

ባለሙያውን እስከ ዛሬ አልማርኩትም፤ ግማሹ ጥፋት ግን የኔ ነው። የዋግ ምልክቱ ዱቄቱ ነው፤ እኔ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ስከተው ዱቄቱ ተራግፎ ቢጫነቱ ብቻ ቀረ። ማስረጃውን ራሴ ጠርጌ ነው ያቀረብኩለት።

መለያው ይህ ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫው ከታችኛው፣ ካረጀው ቅጠል ይጀምራል፤ ከጫፉ ተነስቶ በመሃል ጅማቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ማሳው በሙሉ ይገረጣል፣ ወይም ማዳበሪያ ባልደረሰበት መስመር ይሄዳል። ቢጫ ዋግ ግን ከአንድ ቦታ ተነስቶ ይሰፋል፣ የላይኛውንም ቅጠል ይይዛል፤ ባደገ ቅጠል ላይ በጅማቶቹ መካከል እንደ ስፌት ተሰልፎ ይወጣል። ገና ቡቃያ ሳለ ግን መስመር አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሶፍት በቅጠሉ ላይ ጎትቱ፤ ብርቱካንማ ቢጫ ዱቄት ከያዘ ዩሪያውን መልሱ። የቅጠል ዋግ ቡናማ ወደ ብርቱካን የሚወስድ፣ ክብና የተበታተነ ነው። የግንድ ዋግ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ረዘም ያለ፣ ቆዳውን ቀዶ የሚወጣ ነው፤ አገዳውንም ይይዛል። ሴፕቶሪያ የሚባለው የቅጠል በሽታ ዱቄት የለውም፤ በደረቀው ነጠብጣብ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ያለ ቢጫ ደግሞ ሥሩን ነቅላችሁ ብታዩት ቡኒ ሆኗል።

ዩሪያው የጎዳኝ በሁለት በኩል ነው። ቅጠሉ ለምልሞ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ጤዛውን አቆየለት፤ ዋግ ደግሞ ብርድና ጤዛ ይወዳል። ሌላው ጊዜው ነው፦ በብርድ ወቅት ዋጉ ከያዘ እስከ አዲስ ዱቄት ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ 12 ቀን መጠበቅ ለእሱ አንድ ትውልድ መስጠት ነው። የዋግ መድኃኒቱም የደረቀውን ቅጠል አያለመልምም፣ የቀረውን ነው የሚያድነው። ከዛላው በታች ያለው የመጨረሻው ቅጠል ከተያዘ ፍሬው ይቀጭጫል፤ የኔ የተቀጨጨው እንዲሁ ነው።

“ዝርያው ዋግ ይቋቋማል” ለሚላችሁም አትዘናጉ። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ወደቀ። እሱን የተካው ዲገሉ ቢጫውን ቢቋቋምም ከሦስት ዓመት በኋላ ባሌና አርሲ ላይ የግንድ ዋግ ጨረሰው።

ርጭቱን ከዚያ ወዲህ በልኬት ነው የማደርገው። መርጫውን በንጹህ ውሃ ሞልቼ 10 በ10 ሜትር እረጫለሁ፤ የጎደለው 2 ሊትር ከሆነ ለሄክታር 200 ሊትር ማለት ነው። የዋግ መድኃኒቱ ቲልት ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ለ20 ሊትር መርጫ 50 ሚሊ። በቆርኪ መለካት ይቅር፤ የመርፌ ስሪንጅ ርካሽ ነው። ዋግ ከገባ በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ስላስመረረኝ አንድ ጠርሙስ ከሐምሌ ጀምሮ ቤት ቆልፌ አስቀምጣለሁ፤ የሚያበቃበትን ቀን አይቼ።

ባለሙያ ዘንድ ቅጠል መውሰድ የግድ ከሆነባችሁ ከታችም ከላይም አምስት አምስት ቁረጡ፣ ሳታጥፉ በደብተር ገጾች መካከል ዘርጉት፤ ላስቲክ ያልበዋል። ከተቻለ ግን ቅጠሉን ወደ ሰውየው ሳይሆን ሰውየውን ወደ ቅጠሉ ውሰዱት፤ የሞተር ቤንዚኑን ብትከፍሉለት እንኳ ከ50 ኪሎ ዩሪያ ይረክሳል።